ደንቡን እናንተ ጻፉ፣ ኮዱን ማሽኑ ይጻፈው፦ ለሠፈር እድር ሶፍትዌር በሞዴል የመሥራት መመሪያ

በኮልፌ ቀራኒዮ እድር የሌለበት ሠፈር የለም። ከጦር ኃይሎች እስከ ካራ ቆሬ፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ወንበርና ሳህን የሚያቀርብ፣ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በደንብ የተወሰነ ገንዘብ የሚሰጥ ማኅበር በየመንደሩ አለ። የብዙዎቹ ሥራ ዛሬም የሚካሄደው በመዝገብ፣ በካርኒና በጸሐፊው ትዝታ ነው። ጸሐፊው ሲታመሙ ወይም ሠፈር ሲቀይሩ ማን ስንት ወር ውዝፍ እንዳለበት በእርግጠኝነት የሚናገር ይጠፋል። ስለዚህ ኮምፒውተር የተማረ የሠፈር ልጅ ሁሉ አንድ ቀን "ለእድራችን ሲስተም ሥራልን" መባሉ አይቀርም።

ጥያቄው ሲመጣ ብዙ ሰው በቀጥታ ኮድ መጻፍ ይጀምራል። የአባላት ቅጽ፣ የክፍያ ቅጽ፣ ሪፖርት እያለ ወራት ይፈጃል። ሥራው አለቀ ሲባል ጠቅላላ ጉባኤ ይሰበሰብና መዋጮ ይጨምራል፤ ወይም ለአማት የሚሰጠው ገንዘብ ለወንድም ከሚሰጠው እኩል ይሁን ብሎ ይወስናል። ያን ጊዜ ለውጡ ዳታቤዙ ላይ፣ ሰርቨሩ ላይ፣ ስክሪኑ ላይና ሪፖርቱ ላይ ለየብቻ መግባት አለበት። ከአራቱ አንዱ ይረሳል። የተረሳው የሚታወቀው ደግሞ ሐዘን ቤት ገንዘብ ሲቆጠር ነው።

ይህ መመሪያ ሌላ መንገድ ያሳያል። ሞዴል መር አሠራር ይባላል። አባል፣ ቤተሰብ፣ መዋጮ፣ ክፍያ የሚሉትን ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው የሚይዙትን መረጃ፣ ግንኙነታቸውንና ገደባቸውን በአንድ አጭር ፋይል ትጽፋላችሁ። ኮድ አመንጪ ፕሮግራም ከዚያ ፋይል ተነስቶ የዳታቤዙን ሠንጠረዥ፣ የሰርቨሩን ኮድ፣ የስክሪኑን ቅጽና የመፈተሻውን ኮድ ይጽፋል። ለውጥ ሲመጣ ፋይሉን ታርማላችሁ፣ ኮዱ እንደገና ይመነጫል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ማሽኑ የሚቆጥብላችሁን ጊዜ ደንቡን በማጥራት ላይ አውሉት። ኮድ አመንጪ ትክክለኛ ሞዴል ሲሰጡት ትክክሉን በብዙ ፋይሎች ያባዛል፤ የተሳሳተ ሲሰጡት ስሕተቱንም እንዲሁ ያባዛል። ከዚህ በታች ካሉት ዘጠኝ ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ኮምፒውተር የማይፈልጉት ለዚህ ነው።

ነገሩ ከየት መጣ?

ኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ዩኤምኤል የተሰኘውን የሶፍትዌር ንድፍ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቀበለ፤ በ2001 ደግሞ ሞዴል መር አርክቴክቸር ያለውን አሠራር አስተዋወቀ። መሠረተ ሐሳቡ ሥራው ምን እንደሆነ የሚናገረው ሞዴል በምን ቴክኖሎጂ እንደሚሠራ ከሚናገረው ይለይ የሚል ነው። ፕሮግራም የሚጻፍበት መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረጃል። ስለ መዋጮና ስለ ሐዘን እርዳታ የተጻፈው ደንብ ግን መሣሪያው ሲቀየር አይቀየርም።

አሠራሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚለማ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አዲስ የሪፖርት ቅጽ ለማውጣት ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ኃላፊው የሚሰበሰበውን መረጃ ዓይነት፣ የሪፖርቱን ጊዜና የሚመለከታቸውን ተቋማት ይመዘግባል፤ ቅጹ ከምዝገባው ይወጣል። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በስልክና በታብሌት የሚጠቀሙበት የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትም ኮምኬር በተባለ መሣሪያ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ እዚያም ቅጹ የሚገለጽ እንጂ በኮድ የሚጻፍ አይደለም። ለአገር የጤና ሪፖርት የበቃ ዘዴ ለአንድ ሠፈር እድር አያንስም።

የሚያስፈልጋችሁ

ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ላፕቶፕ፣ ጃቫ፣ ኖድ ጄኤስ፣ ጊትና ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ያስፈልጋሉ። ለኮድ አመንጪነት የምንጠቀመው ጄሂፕስተርን ነው። ጄሂፕስተር ዡልየን ዱብዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው፣ በነጻ የሚገኝና ኮዱ ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። ሰርቨሩን በስፕሪንግ ቡት፣ ስክሪኑን ደግሞ በአንጉላር፣ በሪአክት ወይም በቪዩ ይጽፍላችኋል። ጃቫ የማትሠሩ፣ ፓይተን የምታውቁ ከሆነ ጃንጎን ተጠቀሙ፤ ሞዴሉን ስትጽፉለት የአስተዳዳሪውን ገጽ ራሱ ያወጣል። እስከ ደረጃ አራት ያለው ሥራ ለሁለቱም አንድ ነው።

የመጀመሪያው ማመንጨት ብዙ ጥቅሎችን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኔትወርክ ደህና የሆነበት ቦታ ሄዳችሁ አንዴ እስከ መጨረሻው አስኬዱት። ጥቅሎቹ ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሚቀመጡ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢቆራረጥም አብዛኛውን ሥራ ቤታችሁ ሆናችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ደንቡን ይዛችሁ ተቀመጡ

የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ኮፒ ጠይቁ። ከዚያ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ። ሦስቱም ባንድ ላይ ቢገኙ ይመረጣል፤ ደንቡ የሚለውና በተግባር የሚደረገው በተለያየበት ቦታ ላይ እዚያው ይስማማሉ። የመዝገቡን አንድ ገጽና የካርኒውን አንድ ቅጠል ፎቶ አንሱ። መዝገቡ ላይ ያሉት ዓምዶች የሞዴሉ የመጀመሪያ ረቂቅ ናቸው።

እነዚህን ጥያቄዎች ሳትጠይቁ አትነሱ።

- አባል የሚባለው ሰው ነው ወይስ ቤት? አባወራው ሲሞቱ አባልነቱ ለእማወራዋ ይተላለፋል?
- በጳጉሜ መዋጮ ይከፈላል?
- አንድ ሰው ስንት ወር ካልከፈለ ይታገዳል? ሲመለስ ቅጣቱ እንዴት ይሰላል?
- አዲስ አባል የእድሩን ገንዘብ የማግኘት መብት የሚኖረው ከገባ ስንት ወር በኋላ ነው?
- ሠፈር ለቆ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄደ አባል መብቱ እንዳለ ነው? ድንኳኑስ እስከ የት ይሄድለታል?
- ባልና ሚስት ሁለቱም በየራሳቸው አባል ከሆኑ ለአንድ ሐዘን ሁለት ጊዜ ይከፈላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ደንቡ ውስጥ መልስ የለውም። መልሱን እናንተ አትፍጠሩ። ጻፉት፣ ለኮሚቴው ስጡት፣ ውሳኔያቸውን ጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ሞዴሉን በተራ አማርኛ ጻፉ

የሰማችሁትን በአጫጭር ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት ተብሎ የሚመለስ ይሁን። እንዲህ፦

- አንድ አባል ብዙ ቤተሰብ ያስመዘግባል፤ አንድ የተመዘገበ ቤተሰብ የአንድ አባል ብቻ ነው።
- አንድ ክፍያ የአንድ አባል፣ የአንድ ዓመትና የአንድ ወር ነው።
- አንድ አባል ለአንድ ወር ሁለት ጊዜ ሊመዘገብለት አይችልም።
- የሐዘን እርዳታ መጠን የሚወሰነው ሟቹ ለአባሉ ባለው ዝምድና ነው።

ወረቀቱን ለሦስቱ አንብቡላቸው። ጄሂፕስተር የሳጥንና የመስመር ሥዕል የሚያወጣ ጄዲኤል ስቱዲዮ የተባለ መሣሪያ አለው፤ ለእናንተ ይጠቅማል። ለኮሚቴው ግን ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። አንድ ሽማግሌ "የእንጀራ ልጅስ?" ብለው የሚጠይቁት ሥዕል አይተው ሳይሆን የቤተሰብ ዝርዝር ሲነበብላቸው ነው።

ደረጃ 3፦ ጉባኤ የሚቀይረውን ከማይቀይረው ለዩ

ከሁሉ ይልቅ ሥራችሁን የሚያድንላችሁ ይህ ደረጃ ነው። በሞዴል ውስጥ አንድን ዝርዝር በሁለት መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛው በሞዴሉ ውስጥ የተቆለፈ ዝርዝር ነው፤ ለመቀየር ኮድ እንደገና ማመንጨት ይጠይቃል። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ነው፤ ጸሐፊው ራሳቸው ከስክሪኑ ላይ ይቀይሩታል።

የአባል ሁኔታ፣ ማለትም ንቁ፣ የታገደ፣ የለቀቀ፣ ያረፈ የሚለው፣ ይቆለፍ፤ በየሁኔታው ፕሮግራሙ የሚያደርገው ስለሚለያይ። የክፍያ መንገድም፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ቴሌብር ወይም ባንክ የሚለው፣ ይቆለፍ። የዝምድና ዓይነትና ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ብር ግን ሠንጠረዥ ይሁን፤ ጉባኤው የሚከራከርበት እሱ ነውና።

መዋጮውም እንዲሁ ነው። "መዋጮ" ብላችሁ አንድ ቁጥር አታስቀምጡ። "የመዋጮ ተመን" የሚባል ሠንጠረዥ አድርጉና የብሩን መጠንና የሚጀምርበትን ዓመትና ወር ይያዝ። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። እንበልና መዋጮው እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. 50 ብር ነበር፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ 100 ሆነ። አንድ አባል የግንቦት፣ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴን አልከፈሉም። ትክክለኛው ውዝፍ 50 ሲደመር 50፣ ሲደመር 100፣ ሲደመር 100፣ 300 ብር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ፕሮግራም ግን አራቱንም በ100 አባዝቶ 400 ይላል። በአንድ አባል ላይ የ100 ብር ስሕተት ነው። አባላቱ በመቶ ሲቆጠሩ ደግሞ ኮሚቴውን የሚያጣላ ገንዘብ ይሆናል። ይህን ስሕተት ምንም ዓይነት ጥሩ ኮድ አያርመውም፤ የሚታረመው ሞዴሉ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ የአገራችንን ነገር ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ

ከውጭ የመጣ ምሳሌ ስትከተሉ የሚያሳስቱ አምስት ነገሮች አሉ።

*ስም።* የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ቦታ ስጡ። ጄሂፕስተር ከራሱ ጋር የሚያመጣው "ተጠቃሚ" የሚባለው ሠንጠረዥ ሁለት የስም ቦታ ብቻ አለው። እሱን ሲስተሙን ለሚከፍቱት ለኮሚቴ አባላት ተዉትና ለእድርተኛው የራሱን ሠንጠረዥ አብጁ።

*አጻጻፍ።* አንዱ ጸሐፊ "ኃይሉ"፣ ሌላው "ሀይሉ"፣ ሦስተኛው "ሐይሉ" ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። "ፀሐይ"ና "ጸሃይ"ም እንዲሁ። ስሙ ባለቤቱ በሚጽፈው መንገድ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ግን "የፍለጋ ስም" የሚባል ተጨማሪ ቦታ ይኑር። እዚያ ሐ፣ ኀ፣ ሃና መሰሎቻቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐና ዓ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው ይቀመጣሉ። ፍለጋው በዚህ ይሁን።

*ቀን።* እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጊዜ አለ። የመዋጮ ወር የእድሩ ቆጠራ ስለሆነ የኢትዮጵያ ዓመትና ወር ሆኖ በሁለት ቁጥር ይቀመጥ፤ በጳጉሜ የማይከፈል ከሆነ የወሩ ገደብ ከ1 እስከ 12 ነው። የሞት ቀንና የምዝገባ ቀን ግን ዳታቤዙ በሚያውቀው በጎርጎርዮስ ቀን ይቀመጡና ሲታዩ ብቻ ወደ እኛ ይለወጡ። የመለወጫ ቀመሩን ራሳችሁ አትጻፉ። ለጃቫ ስሪቴን ኤክስትራ የተባለው ጥቅል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል፤ የዘመኑ ብሮውዘሮችም ያውቁታል። መሥራቱን ግን በእነዚህ ቀኖች ፈትኑ፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት ነው ልዩነቱ የመጣው።

*ገንዘብ።* ብርን በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር አታስቀምጡ፤ ሳንቲም ይጠፋል። ቢግ ዴሲማል የሚባለውን ዓይነት ተጠቀሙ።

*መለያ።* ስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር ቁጥር ቢመስሉም ጽሑፍ ናቸው፤ ቁጥር ካደረጋችኋቸው ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። የፋይዳን ቁጥር ደግሞ ለእድሩ ሥራ የግድ ካላስፈለገ አትሰብስቡት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ያልያዛችሁት መረጃ ደግሞ ከእናንተ ዘንድ አይሰረቅም።

ደረጃ 5፦ በማሽኑ ቋንቋ ጻፉት

አሁን ላፕቶፑን ክፈቱ። የጄሂፕስተር የሞዴል ቋንቋ ጄዲኤል ይባላል። አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የነገሮቹ ስሞች በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው አማርኛ በኋላ ይመጣል። እያንዳንዱ ነገር "ኢንቲቲ" በሚለው ቃል ይጀምርና የሚይዛቸው መረጃዎች በቅንፍ ውስጥ ይዘረዘራሉ። የአባልን በአማርኛ ብናነበው ይህን ይመስላል።

- መለያ ቁጥር፦ ጽሑፍ፣ የግድ፣ የማይደገም
- ስም፦ ጽሑፍ፣ የግድ
- የአባት ስም፦ ጽሑፍ፣ የግድ
- የአያት ስም፦ ጽሑፍ
- የፍለጋ ስም፦ ጽሑፍ
- ስልክ፦ ጽሑፍ፣ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር፣ አሥር አኃዝ
- የገባበት ቀን፦ ቀን፣ የግድ
- ሁኔታ፦ ከተቆለፈው ዝርዝር፣ የግድ

"የግድ" የሚለው በጄዲኤል "ሪኳየርድ"፣ "የማይደገም" የሚለው "ዩኒክ" ነው። የስልኩ ቅርጽ "ፓተርን" በሚለው ይገለጻል። ከዚያ ግንኙነቶቹን ጻፉ፤ አባል ከቤተሰብ፣ አባል ከክፍያ ጋር ያላቸው ግንኙነት አንድ ለብዙ ነው። መጨረሻ ላይ ዝርዝሮች በገጽ በገጽ እንዲከፈሉና የሥራው ደንብ የሚገባበት የሰርቪስ ክፍል እንዲፈጠር እዘዙ። ስድስት ነገሮች ይበቃሉ፤ አባል፣ ቤተሰብ፣ የመዋጮ ተመን፣ ክፍያ፣ የዝምድና ዓይነትና የሐዘን እርዳታ። ድንኳኑንና ሳህኑን ለሁለተኛው ዙር አቆዩት።

ደረጃ 6፦ አመንጩ፣ ግን አትመኑ

ጄሂፕስተርን በኤንፒኤም ጫኑት። አዲስ ፎልደር ክፈቱና "ጄሂፕስተር ጄዲኤል" የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጽፋችሁ የፋይላችሁን ስም አስከትሉ። ሥራው ሲያልቅ የሚሠራ ፕሮግራም አላችሁ፤ መግቢያ ገጽ፣ የስድስቱ ነገሮች ቅጽና ዝርዝር፣ ዳታቤዝና የመፈተሻ ኮድ። ፕሮግራሙን አስነሱና በብሮውዘር ተመልከቱት።

ወዲያው ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከተፈጠሩት የሙከራ ተጠቃሚዎች የአስተዳዳሪው ስምም የይለፍ ቃሉም "አድሚን" ነው፤ የእድሩ መረጃ ከመግባቱ በፊት ይቀየር። ሁለተኛ፣ ለልምምድ የተሞላው የውሸት መረጃ እውነተኛው አገልግሎት ላይ እንዳይገባ አረጋግጡ። ሦስተኛ፣ በትርጉም ፋይሎቹ ውስጥ የቅጹን ቃላት ገንዘብ ያዡ በሚያውቁት አማርኛ ተኩ። "ትራንዛክሽን" ሳይሆን "ክፍያ"፣ "ባላንስ" ሳይሆን "ውዝፍ" በሉ።

ዛሬ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች ስላሉ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ረዳቶቹ የደረጃ ሁለትን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ጄዲኤል ለመለወጥ በእርግጥ ያግዛሉ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢጠየቁ የተለያየ ኮድ ሊሰጡ ይችላሉ። ኮድ አመንጪው ግን እትሙ ካልተቀየረ ከአንድ ሞዴል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣል። የሰው ገንዘብ በሚያዝበት ሥራ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ደረጃ 7፦ በእጅ የሚጻፈውን ለብቻ አስቀምጡ

ሞዴሉ ሁሉን አይናገርም። "አንድ አባል ለአንድ ወር ሁለት ጊዜ አይመዘገብለትም" የሚለው ደንብ አባልን፣ ዓመትንና ወርን ባንድ ላይ ያያል። ጄዲኤል እንዲህ ያለውን የጥምር ገደብ አይገልጽም። ስለዚህ የዳታቤዝ ለውጥ በሚጻፍበት በሊኪቤዝ የራሳችሁን ተጨማሪ ፋይል አድርጋችሁ አስገቡት። የውዝፍ ስሌት፣ የፍለጋ ስም መለወጫና የሐዘን እርዳታ ውሳኔም በእጅ ይጻፋሉ።

ሕጉ አጭር ነው፤ የመነጨ ፋይል ውስጥ የእጃችሁን ኮድ በተቻለ መጠን አትጻፉ። የራሳችሁን ፎልደር ክፈቱ፣ የራሳችሁን ክላስ ፍጠሩ፣ የመነጨውን ከዚያ ጥሩት። አለበለዚያ በሚቀጥለው ማመንጨት የጻፋችሁት ይሰረዛል፤ ይህን ፈርታችሁ ደግሞ ማመንጨት ታቆማላችሁ፤ ያን ቀን ሞዴሉ ተራ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ለእያንዳንዱ የእጅ ኮድ መፈተሻ ጻፉ። ከላይ ያየነው የ300 ብሩ ውዝፍ የመጀመሪያው ፈተና ይሁን። በጳጉሜ የማይከፈል ከሆነ፣ ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ጳጉሜን እንደ ወር እንዳይቆጥር ሁለተኛውን ጨምሩ።

ደረጃ 8፦ ለውጥ ሲመጣ ከሞዴሉ ጀምሩ

የስልኩን ምሳሌ ውሰዱ። በአገራችን የሞባይል ቁጥር ለብዙ ዓመት በ09 ብቻ ይጀምር ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምር ቁጥር መጣ። በእጅ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ይህ ገደብ በምዝገባ ቅጹ፣ በማረሚያ ቅጹና በሰርቨሩ ላይ ተበትኖ ይገኛል። ቅጹ ተቀብሎት ሰርቨሩ ቢመልሰው ጸሐፊው የማይገባቸው የስሕተት መልእክት ብቻ ያያሉ። በሞዴል ስትሠሩ የምትነኩት አንድ መስመር ነው፤ ቅጹም ሰርቨሩም አብረው ይለወጣሉ።

ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይህ ይሁን።

1. ያለውን ሥራ በጊት አስቀምጡ።
2. አዲስ ቅርንጫፍ ክፈቱ።
3. የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር አርሙ፤ ኮሚቴው ይስማማ።
4. የጄዲኤሉን መስመር አርሙ።
5. እንደገና አመንጩ። መረጃ የገባበት ዳታቤዝ ካላችሁ ለውጡ ተጨማሪ ሆኖ እንዲጻፍ የሚያደርገውን አማራጭ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ የነባሩ ሠንጠረዥ መፍጠሪያ ፋይል ይቀየርና ፕሮግራሙ አልነሳም ይላል።
6. ጊት የሚያሳየውን ልዩነት መስመር በመስመር አንብቡ። ያልጠበቃችሁት ለውጥ ካለ አቁሙ።
7. ፈተናዎቹን አስኬዱና ወደ ዋናው ቀላቅሉ።

ደረጃ 9፦ መዝገቡን አስገቡ፣ ሥራውን አስረክቡ

የድሮውን መዝገብ ሁለት ሰው ሆናችሁ አስገቡ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። የአንድ ዓመት ክፍያ በገባ ቁጥር ድምሩን ከገንዘብ ያዡ ሒሳብ ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰለ ወደሚቀጥለው ዓመት አትለፉ። ከዚያ መዝገቡና ፕሮግራሙ ጥቂት ወራት ጎን ለጎን ይሥሩ።

ሥልጣንን ለዩ። ጸሐፊው አባል ይመዘግባሉ፤ ገንዘብ ያዡ ክፍያ ያስገባሉ፤ ሰብሳቢው ያያሉ፣ ያጸድቃሉ። የገባን ክፍያ ማንም አይሰርዝ፤ ስሕተት ከሆነ በሌላ መዝገብ ይካካስና ምክንያቱ ይጻፍ። በቴሌብር የተከፈለ ከሆነ የግብይት ቁጥሩ ይያዝ፣ ሁለት ጊዜም አይገባ። የዳታቤዙ ቅጂ በየሳምንቱ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይቀመጥ።

መቼ አይሆንም?

እድሩ አርባ ሰው ብቻና ደንቡ የማይለወጥ ከሆነ ኤክሴል ይበቃል፤ ሰውን አታድክሙ። የቤት ለቤት ምዝገባ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ኮቦ ቱልቦክስን ወይም ኦዲኬን ተጠቀሙ። ጥያቄዎቹን በኤክሴል ሠንጠረዥ ትጽፋላችሁ፣ የስልክ ቅጹ ከሠንጠረዡ ይወጣል። ይህም ሞዴል መር ነው፤ ፕሮግራም ለማያውቅ ሰውም ጥሩ መጀመሪያ ነው። ብዙ ቅጽ፣ ብዙ ግንኙነትና በየጊዜው የሚለወጥ ደንብ ካለ ግን ከላይ ያለው መንገድ ድካሙን በእጥፍ ይከፍላል።

ስታስረክቡ ለኮሚቴው ሦስት ነገር ስጡ፤ በአማርኛ የተጻፈውን የደንብ ዓረፍተ ነገር ዝርዝር፣ የጄዲኤሉን ፋይልና የእጅ ኮዱን ከነፈተናው። እናንተ ሥራ አግኝታችሁ ከሠፈሩ ብትሄዱ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ የመነጨውን የሺህ መስመር ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም። ዝርዝሩን ከሰብሳቢው ጋር ተቀምጦ ያነባል፤ የተቀየረውን ያርማል፤ ያመነጫል። ጄሂፕስተርም አርጅቶ በሌላ መሣሪያ ቢተካ ሥራው ከዚያው ዝርዝር ይቀጥላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት የምትጀምሩት ፕሮግራም በመጫን አይሁን፤ ጸሐፊውን ደውላችሁ የመተዳደሪያ ደንቡን ኮፒ በመጠየቅ ጀምሩ።